እናቶቻችንን ከማን ጋር እንመዝን?

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ብዙ በማይርቅ ክሊኒክ ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ከሥራዬ ሰፊውን ድርሻ እየያዘ የመጣው የማስታወስና የማስተዋል ችሎታ ምርመራ ነው። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ይጀምራል። ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ያለ ልጅ ከእናቱ ጋር ሲያወራ አንድ ጥያቄ ሁለቴ ይጠየቃል፤ ይደነግጣል፤ እዚህ ላለችው እህቱ ይደውላል፤ እሷ ቀጠሮ ትይዛለች። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከአያት ወይም ከገርጂ ይመጣሉ፤ ደም ግፊታቸው ይለካል፣ ስኳራቸው ይታያል፣ ቀጥሎ እኔ ጋ ይገባሉ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጄ ላይ አንድ ቁጥር ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ ከ30 የሚታሰብ። ልጆቹ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። «ስንት አመጡ?» ይሉኛል፣ የማትሪክ ውጤት እንደሚጠየቅ። እኔ ግን ቁጥሩን ከመናገሬ በፊት ሌላ ነገር እነግራቸዋለሁ። ምንም በሽታ የሌለበት ሰው የሚያመጣው ውጤት እንኳ በዕድሜው፣ በጾታውና በተማረው ልክ ይለያያል። እኛ አገር ደግሞ «ዕድሜ ነው»፣ «ሴት ስለሆኑ ነው» ብለን የምናልፈው ልዩነት፣ እኔ እንደማየው፣ አብዛኛው ትምህርት ቤት የመግባትና ያለመግባት ጉዳይ ነው። ይህን ሳያውቁ ቁጥሩን ማንበብ ጤነኛ እናትን በሽተኛ ያደርጋል።

ፈተናዎቹ የተሠሩት እዚህ አይደለም። በጣም የታወቀውን፣ በሥራ ቦታ «ሚኒ ሜንታል» የምንለውን፣ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ማርሻል ፎልስታይን ከሱዛን ፎልስታይንና ከፖል ማክሂው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1975 አወጡት። ሁለተኛውን፣ «ሞካ» የሚባለውን፣ ዚያድ ናስረዲንና ባልደረቦቻቸው ካናዳ ውስጥ በ2005 አሳተሙት። ሁለቱም ከ30 ይታረማሉ። ቀኑንና ቦታውን ይጠይቃሉ፤ ጥቂት ቃላት አስይዘው ቆየት ብለው ያስታውሱ እንደሆነ ያያሉ፤ ከመቶ ሰባት ሰባት እያሉ ያስቀንሳሉ፤ ሥዕል ያስገለብጣሉ። ቃላቱን እዚህ አልጽፋቸውም፤ አንብቦ የመጣ ሰው ሲፈተን ውጤቱ ዋጋ ያጣል።

ሚኒ ሜንታል ከወጣ ከ18 ዓመት በኋላ አንድ ትልቅ ጥናት ታተመ። አጥኚዎቹ 18,056 አሜሪካውያንን ከየቤታቸው ፈትነው ውጤቱን በዕድሜና በትምህርት ከፋፈሉት። ከ18 እስከ 24 ዓመት ባሉት ዘንድ መካከለኛው ውጤት 29 ሆነ፤ 80 ዓመት ባለፉት ዘንድ 25። ከጉርምስና እስከ እርጅና ያለው ርቀት እንግዲህ አራት ነጥብ ነው። በትምህርት ሲታይ ግን ዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በላይ የተማሩት 29፣ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት የተማሩት 26፣ ከአራት ዓመት ያልበለጠ የተማሩት ወይም ጭራሽ ያልተማሩት 22 አመጡ። ሰባት ነጥብ። በብዙ ቦታ ማለፊያ ተደርጎ የሚወሰደው 24 ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ደጃፍ ብዙም ካልረገጡት ሰዎች ከግማሽ በላዩ «ችግር አለበት» ሊባል ነው፣ ያውም አሜሪካ ውስጥ።

አሁን ይህን ሠንጠረዥ ይዘን ወደ ሾላ ገበያ እንምጣ። በርበሬና ሽሮ እየሸጡ አምስት ልጆች ያሳደጉ የ68 ዓመት እናት ፊቴ ተቀመጡ።

«እማማ፣ ከመቶ ሰባት ቢቀነስ ስንት ይቀራል?»

ዝም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ የምን መቶ?» አሉኝ።

«መቶ ብር።»

«ዘጠና ሦስት።»

«ከዚያ ላይ ደግሞ ሰባት ብር ቢወጣ?»

«ሰማንያ ስድስት። ግን ሰባት ብር ሰባት ብር እየቆጠረ የሚገዛኝ ማነው?»

እስከ መጨረሻው ሳይሳሳቱ ወረዱ። ሒሳቡ እሳቸው ዘንድ አለ፤ የሌለው ከዕቃና ከገንዘብ ተነጥሎ በባዶ የሚቆም «መቶ» ነው። ቁጥርን እንዲህ ለብቻው ማሰብ ጥቁር ሰሌዳ ፊት በመቀመጥ የሚገኝ ልማድ ነው። ሥዕል ላይ ስንደርስ እስክሪብቶውን በጡጫቸው ያዙት። ሁለት የተጠላለፉ ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጾች እንዲገለብጡ ነበር የተጠየቁት። ወረቀቱ ላይ የወጣው መስመር የአእምሯቸውን ሳይሆን እስክሪብቶ ይዛ የማታውቅን እጅ የሚናገር ነበር። ጠቅላላ ውጤታቸው 21 ነው። በዚያው ወር ሁለት ዕቁብ ሰብሳቢ ነበሩ፤ የከፈለውንና ያልከፈለውን ያለ ደብተር ያውቃሉ።

ታንዛኒያ ውስጥ ለተመሳሳይ ችግር ብልህ መፍትሔ ተገኝቶለታል። ያልተማሩ አረጋውያንን ለመመርመር የተዘጋጀው «አይዲያ» የተባለ መመዘኛ ቅርጽ የሚያሠራው በክብሪት እንጨት ነው። መርማሪው እንጨቶቹን ደርድሮ ያሳያል፤ አዛውንቱ ያንኑ ይደግማሉ። የሚፈተነው ዓይንና አእምሮ ቅርጽን እንዴት እንደሚይዙ ነው፤ እስክሪብቶ የለበትም።

ዕድሜ ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም። ያደርጋል። መጀመሪያ የሚነካው ፍጥነትን ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ምልክት ተሰጥቶት በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ የተቻለውን ያህል ምልክት የማስሞላት ፈተና አለ። የሃያ ዓመት ወጣት የሚሞላውን ያህል የስልሳ ዓመት ጤነኛ ሰው አይሞላም፤ የአርባ ዓመቱም ቢሆን ከወጣቱ መዘግየት ጀምሯል። መገናኛ ላይ የሚሠራ ወያላ አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ፣ የወረደውንና የተሳፈረውን ለይቶ፣ መልስ እየሰጠ፣ «ገርጂ! ገርጂ!» እያለ ሌላ ተሳፋሪ ይጠራል። ይህን ዓይነት ቅልጥፍና እኔ በሃምሳዎቹ ዕድሜዬ አልወዳደረውም።

ሁሉም ችሎታ ግን አብሮ አይወርድም። ጆሹዋ ሃርትስሆርንና ላውራ ጀርማይን እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ውጤት መርምሮ እያንዳንዱ ችሎታ ጫፍ የሚደርስበት ዕድሜ የተለያየ መሆኑን አሳየ። ፍጥነት አሥራ ስምንትና አሥራ ዘጠኝ ዓመት አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርሳል። የሰውን ስሜት ከዓይኑ የማንበብ ችሎታ በአርባዎቹና ከዚያም በኋላ ይጎለምሳል። የቃላት ሀብት ደግሞ እስከ ስልሳዎቹ መጨረሻ ድረስ ያድጋል። ለሽምግልና ስንቀመጥ ነገር የሚፈታልን ሰው ሽበት ያለበት መሆኑ ከልማድ ብቻ የመጣ አይደለም።

ከቢሮዬ መስኮት ወደ ቦሌ ኤርፖርት የሚወርዱ አውሮፕላኖች ይታዩኛል፤ የዕድሜ ነገር ሲነሳ አብራሪዎቹ ትዝ ይሉኛል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በመንገደኛ በረራ ላይ ለሚሠሩ አብራሪዎች የዕድሜ ጣሪያውን እ.ኤ.አ. በ2006 ከ60 ወደ 65 ከፍ አድርጎታል። በ2007 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከ40 እስከ 69 ዓመት ያሉ 118 አብራሪዎችን ለሦስት ዓመት በየዓመቱ በበረራ ማስመሰያ መሣሪያ የፈተነ ጥናት ወጣ። በመጀመሪያው ፈተና በዕድሜ የገፉት ከወጣቶቹ ያነሰ ውጤት ነበራቸው። በሦስቱ ዓመታት ውስጥ ግን የወረዱት በጥቂቱ ነው፤ በተለይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ከመጋጨት በመጠንቀቅ ከወጣቶቹ ይልቅ ብቃታቸውን ጠብቀው ቆዩ። ከፍተኛ የሙያ ፈቃድ የነበራቸውም የተሻለ ያዙ። ሙያው ሥር የሰደደበት ሰው የፍጥነቱን ጉድለት በብልሃት ይሞላል ማለት ነው። ሠላሳ ነጥብ ያለው ወረቀት ይህን ብልሃት አይለካም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ዛሬ የ75 ዓመት ሰውን ከ20 ዓመት ልጅ ጋር ስናወዳድር አንድ ሰው ሲያረጅ እያየን አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ዘመኖችን እያየን ነው። ዋርነር ሻይ የተባሉ ተመራማሪ ይህን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1956 ሲያትል ውስጥ ጥናት ጀምረው እነዚያኑ ሰዎች በየሰባት ዓመቱ ለአሥርተ ዓመታት መልሰው መላልሰው ፈተኑ። አንድን ሰው ከራሱ ጋር ሲያወዳድሩት አብዛኛው ችሎታው እስከ ስልሳ ዓመት አካባቢ ጸንቶ ቆየ። በአንድ ቀን ወጣትና ሽማግሌ ፈትኖ ማነጻጸር ከሚያሳየው ቁልቁለት በጣም የረጋ ነው። እዚህ አዲስ አበባ የዘመኖቹ ርቀት ከሲያትል እጅግ ይበልጣል። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ሳሎን የሚጋሩ አያትና የልጅ ልጅ አሉ፤ አያት ያደጉት ትምህርት ቤት በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በነበረበት አገር ነው፤ የልጅ ልጅ በአራት ዓመቷ መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች።

የጾታውም ነገር የሚፈታው ከዚሁ ነው። በዓለም ዙሪያ ተደጋግሞ የታየው ነገር ልከኛ ነው። ሴቶች ቃላትን ሰምቶ በማስታወስ በመጠኑ ይበልጣሉ፤ ቁጥርና ምልክት የማዛመዱን ፈተናም ፈጠን ብለው ይሠሩታል። ወንዶች ደግሞ አንድን ቅርጽ በሐሳብ አዙሮ ከሌላ ጎን በማየቱ ፈተና ይቀድማሉ። በጠቅላላ የማሰብ ችሎታ ረገድ ግን ይህ ይበልጣል ያ ያንሳል የሚያሰኝ ነገር የለም። በእያንዳንዱ ፈተናም ቢሆን በሁለት ሴቶች መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ ሴትና በአማካይ ወንድ መካከል ካለው በብዙ ይሰፋል።

አስተዳደግ ሲለወጥ እነዚህ ልዩነቶችም ይለወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በ13 የአውሮፓ አገሮች ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች ውጤት ተመለከተ። ኑሮና ትምህርት በተሻሻለበት አካባቢና ዘመን ያደጉ ሴቶች በማስታወስ ከወንዶች ይበልጥ ቀደሙ፤ በሒሳብ የነበረው የወንዶች ብልጫም ጠበበ። ህንድ ውስጥ ደግሞ አረጋውያን ሴቶች ከወንዶች ወደ ኋላ የሚቀሩበት ርቀት በሰሜኑ ክፍል ከደቡቡ የሰፋ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሰሜኑ ሴት ልጅን ከትምህርት በማስቀረት የባሰ ነበር። ስልክ ላይ በሚጫወቱት ጨዋታ አማካይነት ከ550 ሺህ በላይ ሰዎችን መንገድ የማግኘት ችሎታ የለካ የ2018 ጥናትም ያንኑ ነገር አሳየ፤ በወንድና በሴት መካከል ያለው ልዩነት ሴቶች ብዙ በሚበደሉባቸው አገሮች የሰፋ፣ እኩልነት በተሻለባቸው የጠበበ ነው። ከቤቷ ወጥታ የማትሄድ ልጅ መንገድ ማግኘትን ከየት ትማረዋለች?

ይህ በእኔ ቤትም ያለ ነው። እናቴና አጎቴ ኮተቤ ነው ያደጉት። አያቴ ሲታመሙ እናቴ ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ውሃ ቀጂ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ የታናናሾቿ አሳዳጊ ሆነች። በሁለት ዓመት የሚበልጣት አጎቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ መጋዘን ኃላፊ ሆኖ ጡረታ ወጣ። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ሁለቱም ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ፈተንኳቸው። ጋሼ 28 አመጣ፤ እናቴ 24። ወረቀቱን መስመር በመስመር ሳየው ቆይቶ የሚጠየቀውን የቃላት ዝርዝር እናቴ አንድም ሳታጎድል ተናግራለች፤ ጋሼ ሁለት ቀርቶበታል። እናቴ ነጥብ ያጣችው ሥዕሉ ላይ፣ ሒሳቡ ላይና ዓረፍተ ነገር ጻፊ የተባለችበት ላይ ነው። የመርሳት በሽታ ቀድሞ የሚያጠቃውን ክፍል አሟልታ ትምህርት ቤት የሚያስተምረውን ጎደለች። በድምሩ ካየነው ግን ወንድሟ ከእሷ «የተሻለ» ነው። ያን ቀን የተሰማኝ ቁጭት አሁንም አለቀቀኝም፤ ይህን የምጽፈው አንድም ለእሷ ነው።

የእሷ ዕጣ የብዙዎች ነው። እቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1931 ሲከፈት የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 48 በመቶው፣ ከወንዶቹ 28 በመቶው ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም ነበር። እነዚህ ገና ያላረጁት ናቸው።

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ብዙ እናቶች ይመጡልኛል። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ነው። ቅጹ ላይ ግን «የትምህርት ዘመን» የሚል አንድ ክፍት ቦታ ብቻ አለ፤ ከእርሻ መልስ በማታ የተማሩትን ስንት ዓመት ልበለው? ከዚህ የባሰም አጋጥሞኛል። ጎጃም ውስጥ ከአንዱ ቅኔ ቤት ወደ ሌላው ሲዞሩ ወጣትነታቸውን የፈጁ፣ ዳዊትን በቃላቸው የሚወጡ የ79 ዓመት መሪጌታ ቅጻቸው ላይ «አልተማሩም» ተብሎ መጣ። ቃላቱን ስነግራቸው አንዴ ሰምተው እንደነበሩ መለሱልኝ፤ ቆይቼ ስጠይቃቸውም እንደነበሩ። በቃል ትምህርት ዕድሜ ልኩን የተሞረደ ማስታወስ ምን ያህል እንደሚጸና ዓይኔ እያየ ነው። «አልተማሩም» የሚለውን ሰርዤ በጎኑ «ቅኔ ቤት፣ 11 ዓመት» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹ ለዚህ ቦታ የለውም፤ ሊኖረው ይገባል።

ፈተናውን ወደ አማርኛ ማዞር ብቻ የማይፈታቸው ነገሮችም አሉ። ሞካ ቁጥርንና ፊደልን እያፈራረቁ የማገናኘት ጥያቄ አለው፤ በእኛ ከ1 ወደ ሀ፣ ከሀ ወደ 2፣ ከ2 ወደ ለ መሆን አለበት። በድሮው ሥርዓት ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ግን ከሀ ቀጥሎ አፋቸው ላይ የሚመጣው ሁ ነው፤ ያንን ደጋግመው ዘምረው ነዋ ያደጉት። ይህ የአእምሮ መዛነፍ አይደለም። ቀኑን ስጠይቅ «ትናንት መድኃኔ ዓለም ስሜ ነው የመጣሁት፣ ዛሬ አማኑኤል ነው» ያሉኝ እናት ወሩ በገባ በ28ኛው ቀን መሆናችንን በትክክል ነግረውኛል፤ አጠገባቸው የነበረችው ልጃቸው ግን «ቀኑን አላወቁትም» ብላ ልታርማቸው ነበር። ክፍለ ከተማ ስንጠይቅ ደግሞ ለሚ ኩራ የተቋቋመው በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ መሆኑን ማስታወስ ደግ ነው። ቤታቸው ሳይነቃነቅ ክፍለ ከተማቸው የተቀየረባቸው የሰሚትና የአያት ሰዎች «ቦሌ» ወይም «የካ» ቢሉ አልፈርድባቸውም።

ሰዓቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ክብ ሥለው፣ ቁጥሮቹን ሞልተው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር እንዲያሳዩ ይጠየቃሉ። አንድ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ቴክኒሻን እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንዳቆሙ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብለው ጠየቁኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሰዓታቸውን በፈረንጅ ሞልተው በእኛ የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ አጭሯ ዘንግ 5 ላይ ስትሆን «አሥራ አንድ» ይላሉ። ሁለቱንም ሠሩልኝ፣ አንዱን ከሌላው አጠገብ። መመሪያውን ቃል በቃል የሚይዝ መርማሪ 5 ላይ ያረፈችውን ዘንግ ስሕተት ብሎ ያርማታል። ለእኔ ግን ያ ጥያቄ ብቻውን ከሥዕሉ የበለጠ ስለ አእምሯቸው ነገረኝ።

እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ለማረም የሚበጀው ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ብዙ አድርጎ ፈትኖ በዕድሜ፣ በጾታና በትምህርት የተከፋፈለ የራሳችን ሠንጠረዥ ማውጣት ነው። መንገዱ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ኢትዮጵያውያንና አሜሪካውያን ሐኪሞች በጋራ የሠሩት ጥናት መድኃኒት ያልጀመሩ የኤችአይቪ ሕሙማንን ሲመረምር ለማነጻጸሪያ ያደረገው ቫይረሱ የሌለባቸውን ኢትዮጵያውያን እንጂ የውጭ ሠንጠረዥን አልነበረም። በቅርብ ዓመታትም ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ስኪዞፍሬኒያ ላለባቸው ሰዎች የሚሆን፣ ከአገራችን ሁኔታ የተነሣ የማስተዋል ችሎታ መመዘኛ አዘጋጅተዋል። ለጤነኛ አረጋውያን፣ በተለይ ላልተማሩት፣ ይህን የሚያህል ሥራ እንዲሠራ አጥብቄ እፈልጋለሁ።

እስካሁን የተናገርኩት ጤነኛውን በሽተኛ ስለ ማለት ነው። ተቃራኒውም ስሕተት አለ። ሴቶች ቃላትን በማስታወስ ስለሚበልጡ፣ በተለይ የተማረች ሴት የአልዛይመር በሽታ ቢጀምራትም ለተወሰነ ጊዜ ፈተናውን ታልፋለች። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ኤሪን ሰንደርማን የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ደጋግመው አሳይተዋል፤ ወንድና ሴት በአንድ ማለፊያ ሲመዘኑ ሴቶቹ ዘግይተው ይታወቃሉ። አርባ ዓመት ያስተማረች መምህርት 27 አመጣች ብዬ በደስታ አላሰናብታትም። ድሮ 30 የምታመጣ ሰው ከሆነች ሦስት ነጥብ ብዙ ነው።

ያለ በሽታ የሚደነግጡም አሉ፤ ከአርባ አምስት ዓመት ጀምሮ ያሉ ሴቶች «ቃል ይጠፋብኛል፣ ጃጀሁ መሰለኝ» ብለው በራሳቸው እግር ይመጣሉ። የወር አበባ በሚያቆምበት ሽግግር ወቅት ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት፣ ሌላ ጊዜ ፈተና ሲደጋገም የሚታየው መሻሻል በዚያ ወቅት እንደሚገታና ሽግግሩ ካለፈ በኋላ እንደሚመለስ አግኝቷል። ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ በረጅሙ ይተነፍሳሉ።

እናታችሁን ወይም አባታችሁን ልታስመረምሩ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። መነጽራቸውን አስይዟቸው፤ ዓይን ላይ ሞራ ካለ ወይም ጆሮ ከደከመ መጀመሪያ እሱ ይታይ፣ ያልሰሙትን ቃል ሊያስታውሱ አይችሉምና። አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ ከሆነ በዚያ ቋንቋ የሚጠይቅ ሰው ፈልጉ። በቦሌ አራብሳና በዙሪያው ያሉ ብዙ አረጋውያን አማርኛን ያወቁት ገበያ ወጥተው ነው። ስንት ዓመት ተማሩ ስትባሉ የቄስ ትምህርቱንም፣ ቁርአኑንም፣ የማታውንም ቁጠሩ። በቅርቡ የሞተባቸው ሰው ካለ፣ እንቅልፍ ካጡ፣ መድኃኒት ከቀየሩ ተናገሩ፤ ሐዘን ብቻውን ነጥብ ይቀንሳል።

ከፈተናው ጎን ደግሞ የቤተሰቡ ቃል አለ። ናይጄሪያ ኢባዳን ውስጥና አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ የመርሳት በሽታን ለዓመታት ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ያልተማሩ ሰዎችን በፈተና ብቻ መመዘን እንደማያዋጣ ስለተረዱ አብሮ የሚኖረውን ሰው የሚጠይቅ ክፍል ያለው መመዘኛ ተጠቅመዋል። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። ስም ረሱ፣ ቁልፍ የት እንዳደረጉ ጠፋቸው ቢሉኝ ብዙም አልደነግጥም። የሚያሳስበኝ እድር ከፍለው እንደገና ሊከፍሉ ከሄዱ፣ ሃያ ዓመት የተመላለሱበት የገበያ መንገድ ከጠፋባቸው፣ ወጥ ላይ ጨው መጨመር አለመጨመራቸውን በየቀኑ ካጡት፣ በጨዋታ የታወቁ ሰው ዝም ካሉ ነው። በተለይ ከአምና ዘንድሮ ከተለወጡ። ሁሉም ብሎክ አንድ በሚመስልበት አዲስ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በገቡ በሳምንታቸው በር ቢሳሳቱ ግን ያ በማንም ላይ ይደርሳል።

ምርመራው ሲያልቅ ወረቀቱን ቅጂ ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ ድምሩን ብቻ ሳይሆን የትኛው ጥያቄ ላይ ስንት እንዳገኙ የተጻፈበትን። ከዓመት በኋላ ስትመጡ ያንን ይዛችሁ ኑ፤ ሌላ ክሊኒክም ብትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ። እናታችሁ ከአሜሪካዊ ሠንጠረዥ ወይም ከተማረው ወንድማቸው ጋር ሳይሆን ከአምናው ከራሳቸው ጋር የሚመዘኑት በዚያ ወረቀት ነው።